የዛሬው አንባቢ ከቤተ መጻሕፍት የሚሻው

ባለፈው የፈተና ሰሞን በአንድ ምሽት ወደ አንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ጎራ ብለን ነበር። ከመግቢያው አጠገብ ቆመን ተማሪዎቹ ሲገቡና ሲወጡ፥ በመስኮቱ በኩል ያሉትንም ሠራተኛ ሲጠይቁ ለጥቂት ጊዜ ተመለከትን። ከጠያቂዎቹ መካከል የመጽሐፍ ስም የጠራ ጥቂት ነበር። አንደኛው ሶኬት ያለበት ወንበር በየትኛው በኩል እንደሆነ ጠየቀ። ሁለተኛዋ የኢንተርኔቱን የይለፍ ቃል ጠየቀች። ሦስተኛው ከጓደኞቹ ጋር ለቡድን ሥራ የሚነጋገርበት ክፍል ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። አራተኛዋ ደግሞ ስልኳን ከፍታ የአምስት ጥናታዊ ጽሑፎች ዝርዝር አሳየችና የት እንደምታገኛቸው ጠየቀች። ሠራተኛው በዕድሜ የገፉ፥ ትዕግሥትም ያላቸው ሰው ስለነበሩ አንድ በአንድ ፈለጉላት። ሁለቱ ተገኙ። የቀሩትን ሦስቱን ግን ቢፈልጉ ቢያስፈልጉ ሊያገኟቸው አልቻሉም። በመጨረሻም፥ «ልጄ፥ እነዚህን የጻፈ ሰው የለም» አሏት። ለካስ ዝርዝሩን ያወጣላት ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው የዘመኑ መሣሪያ ኖሯል፤ መሣሪያውም እውነተኛውን ከፈጠራው ጋር ቀላቅሎ አስረክቧታል።

ይህን ትንሽ ትዝብት ያስቀደምነው ያለ ምክንያት አይደለም። «የዛሬ ተማሪ ቤተ መጻሕፍትን ረስቷል፤ ዐይኑን ከስልኩ ላይ አያነሣም» የሚለው ወቀሳ ዘወትር ይሰማል። በዚያ ምሽት ግን በአዳራሹ ውስጥ አንድም ባዶ ወንበር አልነበረም፤ ደብተር አስቀምጦ ቦታ መያዝም እንደ ቀድሞው ነበረ። እንግዲህ ተማሪው ቤተ መጻሕፍትን የተወ አይመስለንም። የተለወጠው ከቤተ መጻሕፍት የሚሻውና የሚጠብቀው ነገር ነው። ቤተ መጻሕፍቶቻችን ይህን ለውጥ ተረድተውታል ወይ? ተማሪውስ የሚሻውንና በእርግጥ የሚያስፈልገውን ለይቶ ያውቃል ወይ? በዛሬው ጽሑፋችን ልንመረምር የፈለግነው እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ነው።

በአገራችን መጽሐፍ መጠበቅ የከበረ ሥራ ነበር። በብራና የሚጻፍ አንድ መጽሐፍ የብዙ በግና ፍየል ቆዳ ይፈጃል፤ ጸሐፊውንም ለወራት ያደክማል። ስለዚህ በየገዳሙ መጽሐፍ የሚቀመጠው በዕቃ ቤት ሲሆን የሚጠብቀውም የታመነ ሰው ነበር። ይህ ንፉግነት አልነበረም፤ አንድ መጽሐፍ ቢጠፋ የሚተካው ስለማይገኝ ነው። በአውሮፓም ቢሆን መጻሕፍት በሰንሰለት ከመደርደሪያ ጋር ይታሰሩ የነበረበት ዘመን እንደነበረ የታወቀ ነው። ጠባቂዎቹ ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ የምንኮራባቸው ጽሑፎች በእጃችን ባልተገኙም ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት ሲስፋፋም መጽሐፍ ብርቅ መሆኑ አልቀረም። በተለምዶ ወመዘክር እየተባለ የሚጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. ተቋቋመ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኑ፤ የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ኀላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪም ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን ሁሉ ለመሰብሰብ ብዙ ደከሙ። ዛሬ ስለ አገራችን ታሪክና ባህል የሚመራመር ሰው ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የዚህን ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሳይረግጥ ሥራውን ሊፈጽም አይችልም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ ለመማሪያ የሚሆኑት መጻሕፍት ከተማሪው ቍጥር ጋር ምንጊዜም ተመጣጥነው አያውቁም። ከዚህም የተነሣ «ሪዘርቭ» የሚባለው ልማድ ጸና። ተማሪው መታወቂያውን አስይዞ አንዱን መጽሐፍ ለሰዓታት ብቻ ይወስዳል፤ እዚያው ተቀምጦ ያነብባል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ከኋላው ለቆመው ያስረክባል። ዛሬ በከፍተኛ ኀላፊነት ላይ ከሚገኙት ሰዎች መካከል ብዙዎቹ የተማሩት በዚህ ዓይነት ነው። ቤተ መጻሕፍቱም ሥራው መልካም መሆን አለመሆኑን የሚለካው ስንት መጽሐፍ አለኝ፥ ስንትስ ጠፋብኝ እያለ ነበር።

ዛሬ ግን እጥረቱ ቦታ ለውጧል። የዓለም የጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ሂናሪ የተባለውን አገልግሎት ጀመረ። በ2003 ለግብርና፥ በ2006 ለአካባቢ ጥበቃ ተመሳሳይ አገልግሎቶች ተከተሉ። እነዚህ ሁሉ ዛሬ «ሪሰርች ፎር ላይፍ» በሚል የጋራ ስም ይታወቃሉ፤ በአገራችን ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችም እየተመዘገቡ በሺሕ የሚቆጠሩ ውድ የምርምር መጽሔቶችን ያለ ክፍያ ሊያነብቡ ይችላሉ። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2019 በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ጥናት ለሁሉ ክፍት እንዲሆን የሚያዝ ብሔራዊ ፖሊሲ አውጥቷል። ወደ ብራናው ብንመለስም፥ እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው ታላቅ ሥራ ከ9000 በላይ የሚሆኑ የአገራችን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ዛሬ በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መዘክርና የጥንታዊ ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት አማካይነት በኢንተርኔት ይታያሉ። ቀድሞ የቀናት መንገድ ተጉዞ፥ አበውን ደጅ ጠንቶ የሚታየውን መጽሐፍ የግእዝ ተማሪ አሁን በክፍሉ ተቀምጦ ገጹን ይገልጠዋል።

ዳሩ ግን «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እንደሚባለው፥ ይህ ሁሉ ምንጭ በአጠገቡ ሲፈስ ተማሪያችን የሚጠጣው አጥቶ ይታያል። ለሁለተኛ ዲግሪው የሚያጠና ተማሪ፥ ዩኒቨርሲቲው በነፃ ሊያገኘው የሚችለውን ጽሑፍ በቴሌግራም እየለመነ ሲፈልግ ታዝበናል። ምክንያቱን ብንጠይቅ አገልግሎቱ መኖሩን የነገረው የለም። ያውም ተነግሮት ሲሄድ የይለፍ ቃሉ በአንድ ሠራተኛ እጅ ብቻ ነው፤ ሠራተኛውም ለስብሰባ ወጥተዋል። እርሳቸው ሲመለሱ ደግሞ መብራት ይጠፋል ወይም መስመሩ ይቋረጣል። ሀብቱ አለ፤ ከሀብቱ የሚያደርሰው መንገድ ግን አልተጠረገም።

በሌሎች አገሮች ይህን መንገድ ለመጥረግ በመጀመሪያ የተደረገው አንባቢውን መጠየቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የሰሜን አሜሪካ የምርምር ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ከቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ «ሊብኳል» የተባለ መጠይቅ አዘጋጀ። የመጠይቁ ብልኀት ቀላል ነው። አንባቢው ስለ እያንዳንዱ አገልግሎት ሦስት ነገር ይጠየቃል፤ ይኸውም ቢያንስ የምትቀበለው ምን ያህሉን ነው፥ የምትመኘው ምን ያህሉን ነው፥ አሁን የምታገኘውስ ምን ያህሉን ነው የሚል ነው። የሚያገኘው ሊቀበለው ከሚችለው በታች ከሆነ ቤተ መጻሕፍቱ ታሟል ማለት ነው። የሚመረመሩትም ሦስት ጉዳዮች ናቸው፤ የሠራተኛው አቀባበል፥ አንባቢው የሚሻውን ራሱ ፈልጎ ለማግኘት መቻሉና የቦታው ምቾት። በዚያ ምሽት በመስኮቱ ላይ የቀረቡት ጥያቄዎች ከእነዚህ ከሦስቱ የሚወጡ አለመሆናቸውን አንባቢያችን ልብ ይበል።

ከቦታው እንጀምር። በመኝታ ክፍል ለብዙ ሆኖ የሚኖር፥ ወይም ከቤተሰቡ ጋር በአንዲት ጠባብ ቤት የሚያድር ተማሪ ጸጥታና መብራት የሚያገኘው በቤተ መጻሕፍት ብቻ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተናም የበርካታ ዓመት ትምህርት በአንድ ጊዜ እንዲከለስ ስለሚያስገድድ ይህን ፍላጎት አበርትቶታል። ዛሬ ደግሞ መምህራን የቡድን ሥራ ስለሚያዝዙ ተማሪው መነጋገሪያ ቦታ ይፈልጋል። ነገር ግን በአዳራሹ ውስጥ ያለው ደንብ አንድ ነው፤ እርሱም ዝም በሉ የሚል ነው። ዝምታ የሚሻውንና መነጋገር የሚሻውን በአንድ አዳራሽ አስቀምጦ ሁለቱን ከማጣላት፥ አንዱን ክፍል ለዝምታ፥ ሌላውን ለንግግር መለየት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ለሙያው አምስት ሕግጋት ሲያወጡ፥ የአንባቢን ጊዜ ከብክነት ማዳን ከአምስቱ አንዱ እንዲሆን አድርገዋል። የዛሬው ተማሪ ደግሞ በስልኩ አንድ ቃል ጽፎ መልስ በቅጽበት ማግኘት የለመደ ነው። መጽሐፉ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ሦስት ፎቅ ወጥቶ፥ ወረፋ ጠብቆ፥ «የለም» ተብሎ ሲመለስ ዳግመኛ አይመጣም። በየመሳቢያው ይገላበጥ የነበረው የካርድ ማውጫ ዘመኑ አልፏል፤ ለዓለም ቤተ መጻሕፍት ካርድ ያትም የነበረው የአሜሪካው ድርጅት እንኳ የመጨረሻዎቹን ካርዶች ያተመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በካርድ ፋንታ የሚሠራበት መሣሪያም ሁሉ በውድ የሚገዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በሥራ ላይ የሚገኘው፥ ከኒውዚላንድ የተነሣው «ኮሃ» የተባለው የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም በነፃ የሚሰጥ ነው። የሚያስፈልገው የሚያውቀው ሠራተኛና ማውጫውን ሳያቋርጥ የሚሞላ እጅ ነው።

ሦስተኛውና በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው፥ አንባቢው ያገኘውን ነገር እንዲመዝን የሚረዳው ሰው ጉዳይ ነው። ቀድሞ ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፉን ሲገዛ ዋጋ ያለውንና የሌለውን አስቀድሞ ይለይ ነበር፤ ተማሪውም በመደርደሪያ ላይ ያገኘውን ሳይጠራጠር ያነብብ ነበር። አሁን ግን ማበጠሩ በራሱ በተማሪው ላይ ወድቋል። ገንዘብ ተቀብሎ ያለ ምርመራ የሚያትም የሐሰት መጽሔት ከእውነተኛው መጽሔት ጋር ተመሳስሎ በስልኩ ላይ ይመጣለታል። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በሰፊው የተዛመቱት የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎችም ያልተጻፈ መጽሐፍ ከነደራሲው፥ ከነገጹና ከነዓመተ ምሕረቱ ፈጥረው ሊሰጡት ይችላሉ።

ይህ ስሕተት ለጀማሪ ተማሪ ብቻ የሚደርስ እንዳይመስል አንድ ነገር እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2023 በኒው ዮርክ ሁለት ጠበቆች፥ ይኸው መሣሪያ የፈጠራቸውን ከቶ ያልተሰጡ የፍርድ ውሳኔዎች እየጠቀሱ ለፌዴራል ፍርድ ቤት ማመልከቻ አቀረቡ። ነገሩ በተገለጠ ጊዜ ዳኛው 5000 ዶላር ቅጣት ወሰኑባቸው። ሰዎቹ ለብዙ ዓመታት በሙያው የሠሩ ነበሩ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት ማንም ቢነግራቸው ኖሮ በጠቀማቸው ነበር።

እዚህ ላይ ነገሩ ከተማሪ ቤት አልፎ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ይገባል። አንድ ተመራቂ ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ጋር የሚያደርገው የመጨረሻ ግንኙነት በክሊራንስ ወረቀቱ ላይ ማኅተም ማስደረግ ነው። የመጽሐፍ ዕዳ እንደሌለበት ይረጋገጥለታል፤ መታወቂያውን ይመልሳል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮም በሩ ይዘጋበታል። ነገር ግን ዕውቀት ይበልጥ የሚያስፈልገው ከዚያች ቀን በኋላ መሆኑን ማን አሰበው? በአንድ ወረዳ የተመደበ ወጣት ሠራተኛ ስለ ጕድጓድ ውሃ፥ ስለ ወባ ወይም ስለ ዘር አቅርቦት ጥናት አዘጋጅ ተብሎ ይታዘዛል። በመሥሪያ ቤቱ የመጽሐፍ መደርደሪያ የለም፤ ቢኖርም የቆዩ ፋይሎች የተከመሩበት ነው። ስለዚህ በስልኩ የመጣለትን ይገለብጣል። አለቃውም ፈርሞ ያስተላልፋል። በዚያ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ በጀት ይመደባል፤ ጕድጓድ ይቈፈራል። ምናልባትም ስለዚያው ወረዳ ውሃ በጥንቃቄ የተጻፈ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት በአንድ ዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። የተማሪዋ የተሳሳተ ዝርዝር ያስከተለው ጕዳት ጥቂት ነጥብ ቢያስቀንሳት ነው፤ የወረዳው ሠራተኛ ስሕተት ግን ሕዝብን ውሃ ያስጠማል።

በእርግጥ የቤተ መጻሕፍት ኀላፊዎች መልስ አያጡም። የውጭ ምንዛሪ ያንሳል፤ መብራት ይቋረጣል፤ ለሠራተኛው የሚከፈለው ደመወዝ የተማረውን ሰው አያቆይም ይላሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እኛም የታተመው መጽሐፍ ይቅር፥ ሁሉም በኮምፒዩተር ይሁን የምንል አይደለንም። ላፕቶፕ መግዛት ለማይችል ተማሪ፥ መብራትም በጠፋ ቀን፥ ወረቀቱ አሁንም ታማኝ ጓደኛ ነው። ነገር ግን ከምንጠይቀው ነገር ብዙው ያለ ውጭ ምንዛሪ የሚፈጸም ነው። በነፃ የሚገኙትን አገልግሎቶች ዝርዝር በትልቁ ጽፎ በየአዳራሹ መለጠፍ ምንዛሪ አያሻም። የይለፍ ቃሉን ከአንድ ሰው መሳቢያ አውጥቶ ለሚገባው ሁሉ ማደል ምንዛሪ አያሻም። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን በየክፍላቸው እየጠሩ አንድን ጽሑፍ እንዴት ፈልጎ ማግኘት፥ ደራሲውን፥ አሳታሚውንና ዘመኑን እንዴት መመርመር እንደሚገባ ለሁለት ሰዓት ማስተማርም እንዲሁ ነው። የምርቃት ጥናቶችን ሁሉ በ2019ኙ ፖሊሲ መሠረት ለሕዝብ ክፍት ማድረግ ደግሞ የታዘዘውን መፈጸም ብቻ ነው።

ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎችም ልዩ አሳብ ሊደረግ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተደረገው የማራኬሽ ስምምነት፥ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍትን በብሬል ወይም በድምፅ እያዘጋጁ ከአገር ወደ አገር እንዲለዋወጡ ይፈቅዳል፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ሆናለች። እንግዲህ መብቱ ከተገኘ በኋላ ተማሪው ዛሬም የሚያነብብለት ጓደኛ ፍለጋ በየአዳራሹ መዞሩ የሚያሳዝን ነው።

መምህራንም ከኀላፊነት ነፃ አይደሉም። ትምህርቱ በሙሉ በጥቂት ገጽ ሀንድአውት ተጠቃልሎ ከፎቶ ኮፒ ቤት የሚገዛ ከሆነ፥ ፈተናውም ከዚያው ብቻ የሚወጣ ከሆነ፥ ተማሪው ቤተ መጻሕፍትን ለወንበሩ እንጂ ለመጽሐፉ የሚፈልግበት ምክንያት አይኖረውም። አንባቢን የሚፈጥረው በመጀመሪያ አስተማሪው የሚሰጠው ጥያቄ ነው።

በመጨረሻም ወደ አንባቢያችን ወደ ወጣቱ ተማሪና ወደ ወጣቱ ሠራተኛ እንመለስ። ወንበርና መብራት፥ ኢንተርኔትና ፈጣን መልስ መሻታችሁ የሚነቀፍ አይደለም፤ ዘመኑ ያመጣው ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ፈጥኖ ማግኘት ማወቅ ማለት እንዳልሆነ አትዘንጉ፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። የጠቀሳችሁትን ጽሑፍ ራሳችሁ ከፍታችሁ ሳታነብቡ ስሙን በወረቀታችሁ ላይ አትጻፉ። ያላወቃችሁትንም የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ለመጠየቅ አትፈሩ፤ በአገራችን ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ተብሏልና።

ለዩኒቨርሲቲዎቻችንም የምናቀርበው አሳብ አጭር ነው። በየዓመቱ አንባቢዎቻችሁን ጠይቁ፤ መልሳቸውንም ለሕዝብ አሳውቁ። ተመራቂውን በክሊራንስ ማኅተም ከማሰናበት ይልቅ፥ በተመደበበት አካባቢ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚያነብብበት ካርድ ስጡት። በዚያ ምሽት ያየናቸው አዛውንት ሠራተኛ፥ መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ እንኳ ልጅቱን አጠገባቸው አስቀምጠው፥ ያንን የምትፈልገውን ጉዳይ የሚመለከቱ ሦስት እውነተኛ ጽሑፎች ከነፃው አገልግሎት አውጥተው ሰጥተዋታል። የፈጀባቸው ጊዜ ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም። የዛሬው አንባቢ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ይህች ሃያ ደቂቃ ናት፤ ለአንዲት ተማሪ በአንድ ሰው በጎ ፈቃድ የተደረገውም ለሁሉ በደንብ እንዲደረግ ኀላፊዎቹን እናሳስባለን።